ከአዳማ ወደ አዋሽ ገደል፦ ቤተሰብ ይዞ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ

አዳማ የሚኖር ሰው አዋሽን በየቀኑ ይጠጣዋል፤ ከቧንቧችን የሚወርደው ውሃ ከዚሁ ወንዝ ተቀድቶና ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ልጆቻችን ግን ወንዙን የሚያውቁት ወደ ወንጂ ወይም ወደ ሶደሬ ሲሄዱ፣ ረጋ ብሎ ሲፈስ ብቻ ነው። ከከተማችን በስተምሥራቅ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያው ወንዝ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሰንጥቆ በፏፏቴ ይወረወራል፤ ከዚያም ጥልቀቱ 150 ሜትር ገደማ የሚደርስ ገደል ውስጥ ይገባል። ይህን አንድ ልጅ በዓይኑ ቢያይ ወንዝ ማለት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ ይልቅ ከዚያ ይማራል።

ጉዞውን ከቤተሰቤ ጋር አራት ጊዜ ሄጄዋለሁ። የመጀመሪያው አልተሳካም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተነሣን፤ ገደሉ የሚገኝበት አዋሽ ፓርክ በር ስንደርስ ፀሐይ በርትታለች፤ እንስሳቱ ጥላ ፍለጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተዋል፤ ልጆቹ በሙቀት ተዳክመው ፏፏቴውን እንኳ በወጉ አላዩትም። አመሻሽ ላይ ስንመለስ መተሐራን አለፍ እንዳልን የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) አውርጄ ብገጥመው እሱም ንፋስ አልነበረውም። ሁለት ልጆችና እናቴን ይዤ፣ ከባድ መኪና በሚርመሰመስበት መንገድ ዳር፣ በጨለማ ሁለት ሰዓት ያህል ቆምን። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆሞ ከራሱ መኪና ንፋስ ባይሞላልን ኖሮ እዚያው እናድር ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ጉዞ የማቅደው ከመመለሻው ጀምሬ ነው። እናንተም እንደዚያ ብታደርጉ የምለው ለዚህ ነው።

ቀኑን መምረጥ

አዋሽ ፓርክ ቆላ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ትንንሽ ልጆችና አዛውንት ያሉበት ቤተሰብ በእነዚህ ወራት ባይሄድ ይሻላል። በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ ፏፏቴው ሞልቶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ እያጓራ ይወርዳል፤ መልኩ ያስደንቃል፤ ነገር ግን የፓርኩ ውስጥ መንገድ በጭቃ ሊያስቸግር ይችላል። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋቱ ቀዝቀዝ ያለ፣ መንገዱም ደረቅ ነው፤ ውሃው ግን ይቀንሳል። የእኔ ምርጫ ጥቅምት ነው፤ ክረምቱ የሞላው ውሃ ገና አልጎደለም፣ መሬቱም ደርቋል። ከሳምንቱ ቀናት ቅዳሜን እመርጣለሁ፤ እሑድ ለማረፊያ ትቀራለች፣ ልጆቹም ሰኞ ዕለት ደክመው ትምህርት ቤት አይሄዱም።

ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፓርኩ አካባቢ ባሉት በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ በተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሷል፤ በዚያ ዓመት ታኅሣሥና ጥር ላይ በርትቶ ብዙ ሰዎች ከመኖሪያቸው እስከመነሣት ደርሰው ነበር። ስለዚህ ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት አንዴ፣ በዋዜማው ደግሞ ሌላ ጊዜ፣ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ወይም ፏፏቴው አጠገብ ያለውን ሎጅ በስልክ ጠይቁ፦ ፓርኩ ክፍት ነው? መንገዱ ሰላም ነው? ሰሞኑን የመሬት ንቅናቄ ተሰምቷል? ከሦስቱ አንዱ እንኳ ጥርጣሬ ካለበት ጉዞውን አስተላልፉት። ገደሉ የትም አይሄድም። ልጆቹ በጣም ካዘኑ በዚያ ቀን ሶደሬ ውሰዷቸው፤ ከአዳማ ሩቅ አይደለም፣ ፍል ውሃ አለ፣ ያውም አዋሽ ዳር ነው።

ሰዓቱን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያ መቁጠር

ወረቀት አውጡና ከታች ጀምራችሁ ጻፉ። በእኛ አገር ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ይጨልማል። ከጨለማ በፊት አንድ ሙሉ ሰዓት ለጎማ፣ ለመንገድ መጨናነቅ፣ ለሕፃን ማስመለስ ይያዝ፤ ስለዚህ አዳማ መግባት ያለባችሁ 11 ሰዓት ላይ ነው። መንገዱ በከባድ መኪና ብዛት ሁለት ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል፤ እንግዲያው ከፓርኩ በር 8፡30 ላይ መውጣት አለባችሁ። ከፏፏቴው እስከ በሩ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የጠጠር መንገድ ስላለ ከፏፏቴው የምትነሡት 8 ሰዓት ላይ ነው። ይህች 8 ሰዓት አትነካም። ልጅ ቢያለቅስ፣ ቡና ባይፈላ፣ ሳላ የሚባለው የዱር እንስሳ መንገድ ዳር ቆሞ ቢታይ፣ 8 ሰዓት ላይ ሞተሩ ይነሣል።

አሁን ወደ ላይ ውጡ። እንስሳት በደንብ የሚታዩት እስከ ጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ስለዚህ ፓርኩ በር 2፡30 ላይ ለመድረስ ከአዳማ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መነሣት ግድ ነው። ከዚያ ቀድሞ በጨለማ መውጣትን አልመክርም፤ በመንገዱ ላይ ከብትና ግመል በየት በኩል እንደሚገባ አይታወቅም። ወረቀቱን በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት። ትልቁ ልጃችን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሰዓት ኃላፊ አድርገን ሾመነዋል፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ይቆጣጠራል።

መኪናው

ለዋናው መንገድና ለፏፏቴው የቤት መኪና ይበቃል፤ ወለሉ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን በጠጠሩ ላይ ቀስ ብሎ መንዳት ያስፈልጋል። በሰሜን በኩል ያለውን ፍልውሃ፣ ዘንባባዎቹ መካከል ያለውን ሰማያዊ ኩሬ ማየት የፈለገ ግን መንገዱ ሻካራና ረጅም ስለሆነ ከፍ ያለ መኪናና ሁለተኛ ቀን ይዞ ይምጣ። በአንድ ቀን ሁለቱንም ላድርስ ያለ ቤተሰብ ሁለቱንም አያይም።

ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ወደ ጎሚስታ ሂዱ። አራቱን ጎማ ብቻ አታስለኩ፤ ትርፍ ጎማውን ከተቀመጠበት አውርዱና እሱም ይለካ። ከዚያ ወደ ቤት ሳትመለሱ እዚያው ሳላችሁ ሦስት ነገር አድርጉ። ክሪኩን አውጡና መኪናችሁን በእርግጥ እንደሚያነሣ ሞክሩ። የጎማ መፍቻው ብሎኖቹን እንደሚገጥም እዩ፤ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሌላ መኪና መፍቻ ይዞ ይገኛል። አንዱን ብሎን ደግሞ በእጃችሁ ፍቱት፤ በማሽን ከልክ በላይ ጠብቆ ከሆነ መንገድ ላይ በእጅ አይፈታም። እኔ ያንን ሌሊት የተማርኩት ይህን ነው። በተጨማሪም አንድ ስፋቱ ሁለት መዳፍ የሚያህል ወፍራም ጣውላ ያዙ፤ የመንገዱ ዳር አሸዋ ስለሆነ ክሪኩ ያለ ጣውላ መሬት ውስጥ ይሰምጣል።

ራዲያተሩን ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እዩት። ፍሬን፣ ዘይት፣ የባትሪ ውሃ የተለመደ ነው። ነዳጅ በዋዜማው ሙሉ፤ ጠዋት ማደያ ላይ ሰልፍ ካጋጠመ የተጻፈው ሰዓት ሁሉ ይፈርሳል። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አንድ ላይ በአንድ ፖስታ ይሁኑ። የአዋቂዎች መታወቂያም እንዲሁ፤ በኬላ መጠየቅ አለ።

ውሃና ስንቅ

ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር፣ ለመኪናው ብቻ ደግሞ አሥር ሊትር በጀሪካን። የሁለቱን ጀሪካን ቀለም ለዩ፤ የራዲያተሩን ውሃ ልጅ እንዳይጠጣው። በዋዜማው የፕላስቲክ ጠርሙሶችን እስከ ሦስት ሩብ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ፣ በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ውስጥ አጋድማችሁ አሳድሯቸው። እስከ አፍ ከተሞሉ ይሰነጠቃሉ። ጠዋት የጎደለውን ሙሉና በፎጣ ጠቅልሉ፤ እስከ ቀትር ቀዝቃዛ ውሃ ይኖራችኋል፤ ምግቡም አጠገባቸው ከተቀመጠ አይበላሽም።

ምግቡ ሙቀት የሚችል ይሁን። ወጥ ይዞ መሄድ ለሆድ ሕመም መጋበዝ ነው። እኛ የምንይዘው ድፎ ዳቦ፣ ደረቅ ፍርፍር፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ብርቱካንና ሙዝ ነው። ጾም ላልያዘ ቅቅል እንቁላል አለ፤ እሱ ግን ከቁርስ ሰዓት አይለፍ። ጉዞው ከኅዳር 15 በኋላ ከዋለ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ስንቁ ሁሉ የጾም ቢሆን ለማንም አያስቸግርም። እናቴ በሶ ሳትይዝ ከቤት አትወጣም፤ ልጆቹ ምግብ እምቢ ሲሉ በሙቀት ቀን የሚዋጥላቸው እሱ ብቻ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አንድ ሁለት ፓኬት የውሃ ምትክ ንጥረ ነገር ከመድኃኒት ቤት ግዙ፤ በተቅማጥም በላብም የጠፋውን ይተካል።

ልብስ ቀለል ያለ፣ እጅጌው ረጅም፣ ባርኔጣ ለሁሉም። ጫማ የተዘጋ ይሁን፤ የግራር እሾህ ነጠላ ጫማን በስቶ እግር ይገባል። የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባትም አይረሳ።

መንገዱ

ከአዳማ ወጥታችሁ ወለንጪቲ፣ ከዚያ በስተቀኝ የቦሰት ተራራ፣ ቀጥሎ ረጅም ሜዳ፣ ከዚያ መተሐራ። ይህ የጅቡቲ መንገድ ነው፤ የአገሪቱ ወጪና ገቢ ዕቃ አብዛኛው በዚህ ይመላለሳል። ከባድ መኪና ከነተሳቢው ለመቅደም የሚያስፈልገው ርቀት ከምታስቡት በላይ ነው። ፊት ለፊታችሁ ያለው መንገድ እስከ ሩቅ ባዶ ካልሆነ አትቅደሙ፤ በ12 ሰዓት የተነሣ ቤተሰብ የሚያስቸኩለው ነገር የለም። ሾፌሩ በምልክት መብራቱ እለፍ ቢላችሁም የምታምኑት የራሳችሁን ዓይን ይሁን።

መተሐራ ከመግባታችሁ በፊት ዝግ ብላችሁ ለልጆቹ ሁለት ነገር አሳዩ። አንዱ በስተግራ ያለው የፈንታሌ ተራራ ነው፤ ከፍታው 2,007 ሜትር ሲሆን እሳተ ገሞራ ነው። ከመንገዱ ዳር የምታዩት ጥቁር፣ የተቆራረሰ፣ ሣር እንኳ ያልበቀለበት ድንጋይ ከሱ ሥር የፈሰሰ ነው፤ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የወረደ እሳት ነበር። ሁለተኛው የበሰቃ ሐይቅ ነው። ከስድሳ ዓመት በፊት ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ የግጦሽ መሬት ውጧል፣ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱንም አስቸግሯል። ውሃው ጨዋማ ነው። ትንሿ ልጄ ውሃ ውስጥ ቆመው የደረቁትን ዛፎች አይታ «ለምን አልሸሹም?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ሌላ ጊዜ በዚያ ሳልፍ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል።

በአካባቢው የከረዩ ኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ይኖራሉ። ከብት ወይም ግመል መንገድ ሲያቋርጥ ሞተር አጥፍቶ መጠበቅ፣ ጡሩምባ አለመንፋት፣ እረኛውን ሰላም ማለት ያስፈልጋል። «አካም ጂርቱ» የማይል የአዳማ ልጅ የለም፤ ልጆቻችሁ በመስኮት ሰላም ይበሉ። ፎቶ ግን ሳይፈቀድ አይነሣም።

ፓርኩ ውስጥ

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ፣ በ1969 በሕግ የታወጀ፣ ከአገራችን ቀደምት ብሔራዊ ፓርኮች አንዱ ነው። በሩ ከመተሐራ አልፎ ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ በሚወስደው መንገድ በስተቀኝ ነው። የመግቢያ ክፍያ በዚያው ይፈጸማል፤ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። የፓርኩን ስካውት፣ ማለትም ጠባቂውን፣ ይዛችሁ ግቡ። በመኪናችሁ አንድ ወንበር ባዶ አድርጋችሁ መምጣት ያለባችሁ ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ልጅ በልጅ ላይ ይደራርባል።

ስካውቱ ሜዳውን እንደ ግቢው ያውቀዋል። እሱ «ቁሙ» ባለበት ቁሙ፣ መስኮት ብቻ ክፈቱ፣ አትውረዱ። ሳላ፣ ከርከሮ፣ እንሹ፣ ዕድል ካላችሁም ሰጎን ታያላችሁ። ለልጆች በቅድሚያ እውነቱን ንገሯቸው፦ አንበሳ አይታይም ብለው ይሂዱ። ሳላ ብቻውን በቂ ነው፤ ፊቱ ላይ በጥቁርና በነጭ የተሣለ የሚመስለው ምልክት፣ እንደ ጦር ቀጥ ብለው ወደ ኋላ የሄዱት ሁለት ቀንዶቹ፣ አንገቱን መልሶ ሲያያችሁ መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል።

ገደሉ አፍ ላይ

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉም የቤተሰቡ አዋቂ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ፏፏቴው አጠገብ ስትደርሱ ከመኪናው ከመውረዳችሁ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ለአንድ አዋቂ በስም ይሰጥ። አደጋ የሚመጣው ሰው በጠፋበት ቦታ ሳይሆን ብዙ ሰው ባለበት ነው፤ እናት «አባቷ ያያታል» ትላለች፣ አባት «አክስቷ ይዛታለች» ይላል፣ ልጅቷን የያዘ ግን የለም። በእኛ ቤት ልጅ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተቀባዩ «ያዝኩ» ማለት አለበት። «ያዝኩ» ካልተባለ ሰጪው አይለቅም። ፎቶ የሚያነሣ ሰው ልጅ አይያዝ። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ በእጅ አንጓው ይያዝ እንጂ በጣቱ አይያዝ፤ ላብ ያለበት የልጅ ጣት ያመልጣል።

የገደሉ ጫፍ ከሩቅ ጽኑ ይመስላል። ዳር ላይ ያለው ድንጋይ ግን የተሰነጣጠቀ ነው፤ በላዩ ላይ ያለው ጠጠርም ከእግር ሥር ይንከባለላል። አጥር ወይም መከላከያ ባለበት ብቻ ቁሙ፤ በሌለበት ደግሞ የአንድ ረጅም ሰው ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ከጫፉ ራቁ። መሬት ቢንቀጠቀጥ ወዲያው ከገደሉ ራቁ፤ ከገደል በታች አትቀመጡ።

ወደ ውሃው ስለመውረድ አቋሜ አጭር ነው፦ ልጅ አይወርድም። አዋሽ ውስጥ አዞ አለ። ከፏፏቴው በላይ ውሃው ጠፍጣፋና ጸጥ ያለ መስሎ ይታያል፤ እግር መንከሪያ ይመስላል። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ያሉት አባቶቻችን ይህንኑ ነው። ደግሞም ወንዙ የሚነሣው ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ነው፤ በደጋው የዘነበ ዝናብ፣ ከቆቃ ግድብም የተለቀቀ ውሃ፣ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ እየወጣ ሳለ ሊደርስ ይችላል። የወንዙ ድምፅ ከተለወጠ፣ ቀለሙም ከደፈረሰ፣ ከዳር ተነሡ።

ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ ግን ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ልጆቹን ጭናችሁ ላይ አስቀምጧቸው። የውሃው ርጭት በነፋስ ወደ ፊት ይመጣና ፊትን ያርሳል፤ ድንጋዩ ይነዝራል፤ ከታች ገደሉ ውስጥ ወፎች ከእናንተ በታች ሲበሩ ጀርባቸው ይታያል። ለትልቁ ልጅ ንገሩት፦ ይህ ወንዝ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ በመንገዱም ሐዳርን ያልፋል፤ እዚያ ነው እ.ኤ.አ. በ1974 ድንቅነሽ የተገኘችው። እኔ ይህን ስነግረው ልጄ ዝም ብሎ ቆይቶ «እሷም ከዚህ ውሃ ጠጥታለች?» አለኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም፤ ቤት ስንገባ ካርታ አውጥተን አብረን ፈለግን።

ምሳ ከፏፏቴው ራቅ ብሎ ጥላ ሥር ይሁን። ዝንጀሮና ጦጣ ስለሚመጡ የመኪናውን መስኮት ዝጉ፤ ምግቡ እየተበላ ያለው ብቻ ይውጣ፤ የቀረው ተቆልፎ ይቀመጥ። ሙዝ በእጁ የያዘ ሕፃን ብቻውን አይቀመጥ። ለእንስሳቱ ምንም አትስጡ፤ ዛሬ የተሰጠው ዝንጀሮ ነገ ከሌላ ሰው ልጅ እጅ ይነጥቃል። የብርቱካን ልጣጭ ሳይቀር በከረጢት ሰብስባችሁ ይዛችሁ ተመለሱ።

መመለስ

8 ሰዓት ላይ ተነሡ። ከመነሣታችሁ በፊት ልጆቹን ቁጠሩ፣ ጎማዎቹን በዓይን ዙሩ፣ የሾፌሩን ፊት ደግሞ እዩ። የከሰዓት ሙቀት እንቅልፍ ያመጣል፤ መንዳት የሚችል ሁለተኛ ሰው ካለ በመልሱ እሱ ይንዳ። ከሌለ መተሐራ ላይ ግማሽ ሰዓት አርፋችሁ ቡና ጠጡ፤ በሰዓቱ ላይ የተረፈችው አንድ ሰዓት ለዚህም ትሆናለች። ችግር ከገጠመ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ጎማ ከፈነዳ ቤተሰቡን ከመኪናው አውርዳችሁ ከአስፋልቱ ራቅ ወዳለ ቦታ ወስዳችሁ አስቀምጡ፤ መፍታት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

በማግሥቱ ወደ ጎሚስታ ተመለሱ። ባለፈው ጥቅምት ስንመለስ መኪናው ምንም አልነበረውም። ሰኞ ጠዋት የግራ የፊት ጎማ ስናስፈትሽ የጣት ርዝመት ያለው የግራር እሾህ ጎማው ውስጥ ተሰብሮ ቀርቶ አገኘን፤ ንፋሱ ጥቂት ጥቂት እያለ ይወጣ ነበር።